ስንት ሰዓት ትወጣለህ?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቀኑ ሲመሽ ሙቀቱ አብሮ አይመሽም። አዳማንና መተሐራን አልፌ እዚያ የደረስኩት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነበር። የቆርቆሮውን በር የከፈቱልኝ አዛውንት ዘበኛ ስሜን አልጠየቁኝም። አልጋ ልይዝ መምጣቴንም አልጠየቁኝም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ያመጣኛል? ባትሪያቸውን መሬት ላይ እያበሩ ወደ መኪናዬ መስኮት ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?» አሉኝ።

ገና ሳልገባ መውጫዬን መጠየቃቸው ያን ቀን ገርሞኝ ነበር። ዛሬ ግን ከከተማ ወጥቼ አልጋ ስይዝ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ዘበኛ ካላጋጠመኝ ልቤ አያርፍም።

የመንገድ ዳር አልጋ ቤት በአገራችን ከሚገባው በታች የተከበረ ነገር ነው። ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ሲመለስ ስላደረበት ሎጅ ያወራል፣ ፎቶ ያሳያል። አልጋ ቤት ያደረ እንደሆነ ግን «እንዲያው የሆነች ቦታ አደርን» ብሎ ያልፈዋል። ያቺ «የሆነች ቦታ» መኪናውን ከነጭነቱ ጠብቃ፣ እሱን አስተኝታ፣ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ የሸኘችው ናት።

መሠረታዊውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። መታወቂያ ይመዘገባል፣ ሒሳብ በቅድሚያ ይከፈላል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሳሙናና ሶፍት አለ። ደጋ ከሆነ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ ቆላ ከሆነ አጎበር ይወርዳል።

ስሙን ግን ልብ በሉት። መንገደኛው «ክፍል አለ?» አይልም፤ «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። ባለቤቷም «ክፍል አልቋል» ሳይሆን «አልጋ ተይዟል» ትላለች። ለመንገድ ሰው ዋናው ነገር ጀርባ የሚያርፍበት እንጨት እንጂ በዙሪያው ያለው ግድግዳ አይደለም። ይህን አባባል እወደዋለሁ፤ እውነትን ይዟልና።

አልጋ ቤት ሳይኖር በፊት የመሸበት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ» ይባል ነበር። ይህ ግን ለብቸኛ መንገደኛ ነው። ብዙ አህያና በቅሎ የሚነዳ የሲራራ ነጋዴ የሰው ጓዳ አይበቃውም። እሱ ሜዳ ላይ ይሰፍር ነበር። ጭነቱን አራግፎ መሐል ይከምራል፣ ከብቱን አጠገቡ ያስራል፣ ሰዉ ዙሪያውን ይተኛል፣ ተራ የደረሰው እሳት እያነደደ ያድራል። ይህን አሰፋፈር አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

ባቡሩ ሲመጣ የማደሪያ ከተማ አብሮ መጣ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ስለነበር፣ ከጅቡቲ የተነሣ ሰው አዲስ አበባ እስኪገባ ድሬዳዋ ያድር ነበር፣ አዋሽም ያድር ነበር። ቀጥሎ አውቶቡሱ መጣ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለረጅም ዘመን በሌሊት እንዳይጓዝ ተከልክሎ ስለኖረ፣ ጎንደር ወይም መቀሌ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ማደሩ ግድ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ደሴ፣ ወልድያ ላይ ማታ ማታ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከነጓዙ «አልጋ! አልጋ!» ወደሚሉ ልጆች ይፈስስ ነበር። በደቡቡ መንገድ ደግሞ አቶ በቀለ ሞላ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ እያሉ ስማቸውን የያዙ ማረፊያዎች ዘርግተዋል። መንገደኛ የት ላይ እንደሚደክመው ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ እሳቸው ዐውቀውታል።

አሁን መንገደኛ ወደሚሠራው ስሕተት ልምጣ፤ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነውና።

ሰው አልጋ ሊይዝ ሲገባ የሚያየው ክፍሉን ነው። «ሻወር አለው? ቴሌቪዥን አለው? ወለሉ ሴራሚክ ነው?» ቁልፍ ተቀብሎ፣ አንሶላ ገልጦ፣ ቧንቧ ከፍቶ ዘግቶ ይወስናል። ይህ በሬ ሊገዛ ሄዶ ቀንዱን ብቻ አይቶ እንደሚመለስ ሰው ነው። የመንገድ ዳር አልጋ ቤት ማለት ግቢው ነው። ክፍሉ ከዚያ ግቢ ጋር የተቀጠለ መጋደሚያ ነው።

ጥሩ ግቢ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በሩ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ታጥፎ የሚገባበት ስፋት አለው። መሐሉ ባዶ ነው፤ ዛፍ ቢኖርም ጥግ ላይ ነው። ክፍሎቹ በሦስት ወገን ዙሪያውን ተደርድረው በራቸውን ወደ መሐል ያዞራሉ፤ ሹፌር በሩን ገርበብ ቢያደርግ ጎማውን ያያል። ጥግ ላይ ከፍ ብሎ ሮቶ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ቧንቧና ባልዲ አለ። በበሩ አጠገብ የዘበኛው ማማ ወይም አግዳሚ ወንበር አለ። ጭነቱ መሐል፣ ሰዉ ዙሪያውን፣ አንዱ ንቁ ሆኖ። የሲራራ ነጋዴ ሰፈር ማለት ይህ አይደለም? እሳቱ በፓውዛ ተተካ እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው።

አሜሪካኖች ሞቴል የሚለውን ቃል ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በምትባል ከተማ ነው። አርተር ሃይንማን የተባለ አርክቴክት በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል መኪና ይዞ ለሚያድር ሰው ማረፊያ ሠራና «ሞተር» እና «ሆቴል» የሚሉትን ቃላት አጣበቀ። ያም ቤት ግቢውን የከበቡ ክፍሎች ነበሩት፣ መኪናውም ከባለቤቱ አጠገብ ነበር የሚያድረው። ቃሉ የእነሱ ነው። ችግሩ ግን፣ ማለትም ከጭነቱ ሳይለይ መተኛት የሚፈልግ ሰው፣ ከቃሉ በፊት በእኛም መንገድ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ አዋሹ ዘበኛ ጥያቄ እንመለስ። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እስከ አፉ ይሞላል። መኪና ከኋላ መኪና ይቆማል። ሌሊት 10 ሰዓት የሚወጣው ጥግ ገብቶ 1 ሰዓት የሚወጣው በሩ ላይ ከቆመ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲቀሰቀስ ያድራል። ስለዚህ ዘበኛው ገና በሩ ላይ መውጫህን ይጠይቃል፤ ዘግይቶ የሚወጣውን ወደ ውስጥ፣ ማልዶ የሚወጣውን ወደ በሩ ያቆማል። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መኪኖቹ በመውጫቸው ቅደም ተከተል አይመጡም! ከምሽቱ 12 ሰዓት የገባው የመጀመሪያው መኪና 10 ሰዓት ወጪ ቢሆን ዘበኛው የት ያቁመው? በሩ ላይ ካቆመው ሌሎቹ በምን በኩል ያልፋሉ? ስለዚህ ለእሱ በአንዱ ጎን ክፍት መስመር ይተውለታል፤ የተተወውን መስመር ሲመሽ የሚመጣ ችኩል እንዳይዝበት ደግሞ ድንጋይ ያስቀምጥበታል። በዚህ ላይ ገና ያልመጡትን ያሰላል። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ማልደው የሚወጡት ወደው አይደለም፤ የተጫነ መኪና የአፋርን ሜዳ ፀሐይ ሳትከርር ካላቋረጠ ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። አትክልት የጫነም ቢሆን ከሙቀት ጋር ይሽቀዳደማል። ዘበኛው ይህን ስለሚያውቅ ጭነቱን በዓይኑ አይቶ ብቻ መውጫውን ይገምታል።

የአዋሹ አዛውንት ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የፊት ጎማዬ ላይ 10 ብለው ጻፉ። ዞር ብዬ ሳይ የሁሉም ጎማ ላይ ቁጥር አለ፤ 11፣ 12፣ 10፣ አንዱ ላይ 2። «አባባ፣ ለምን ደብተር ላይ አይጽፉትም?» አልኳቸው። «ደብተር ለባለቤቲቱ ነው። እኔ ሌሊት የማነበው ጎማ ነው» አሉኝ። ከዚያም የክፍሌን ቁጥር ጠየቁኝና ከ10 ሥር ጻፉት። የትኛው መኪና የየትኛው በር እንደሆነ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ አንድ ጎማ ላይ ተጠቃሎ ተቀምጧል። ስንት ዘመናዊ ሆቴል ገብቼ መኪናዬ የማን እንደሆነ ለማጣራት በድምፅ ማጉያ ታርጋ ሲጠራ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ መንገደኞችን መውቀስ አለብኝ። መውጫ ሰዓታችሁን በትክክል ተናገሩ። «12 ሰዓት» ብሎ 3 ሰዓት ድረስ የሚተኛ ሰው ሌላውን ያስራል። «እንደ ሁኔታው» የሚል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ዘበኛ «እንደ ሁኔታው» የሚባል ቦታ የለውም። ይህን የምለው ከተቀመጥኩበት ሆኜ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ 1 ሰዓት እወጣለሁ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት የቤተሰብ ሕመም ተደውሎልኝ ተነሣሁ። ሦስት ሹፌሮች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መኪናቸውን አወጡልኝ። አንዳቸው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሞተር አሞቁ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ «እግዜር ይማርልህ» ብቻ አሉ። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቁልቁለት የሚወርዱ ነበሩ። ጥንቃቄ የተማርኩት ያን ሌሊት ነው።

ሌላው ወቀሳዬ ስለ ቧንቧ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧ ከፍቶ ውኃ ሲያጣ ሳይዘጋው የሚወጣ ሰው አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ውኃው ይመጣል፤ ሮቶው ግማሽ ሳይሞላ ውኃው በአንድ ባዶ ክፍል በኩል ይፈስሳል፤ ጠዋት ሃያ ሰው ፊቱን የሚታጠብበት ያጣል። ቧንቧ ከተከፈተ ውኃ ባይንጠባጠብበትም ይዘጋል። ቁልፍ በኪስ ይዞ መሄድም እንዲሁ ነው። ቁልፉ የእጅ መዳፍ የሚያህል እንጨት የተንጠለጠለበት ለዚህ ነው፤ ይህንም ረስተው ወልድያ የደረሱ አሉ። ከደረሳችሁም በመልስ መኪና ላኩት።

ስለ ውጭ አልጋ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአፋሩ ሜዳ፣ ሚሌና ሎጊያ ላይ አልጋ ስትጠይቁ «ውስጥ ወይስ ውጭ?» ይሏችኋል። የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ «ውጭ» ሲባል የተረፈው ድሃ የሚተኛበት ይመስለውና ተናድዶ ክፍል ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ ይቃጠላል። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ፀሐይ ማታ ነው የሚተፉት፤ ቬንትሌተር ቢኖርም ያንኑ ትኩስ አየር ያዞራል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። ልምድ ያለው ሹፌር ሻንጣውን ክፍል ቆልፎ፣ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ዘርግቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ በሚመጣው ነፋስ ይተኛል። ከጎኑ መኪናው አለ። ጋቢና ውስጥ ረዳቱ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። ከላይ ኮከብ ነው። በሎጊያ ግቢ ውስጥ የተኛሁትን እንቅልፍ የሚያህል በየትኛውም ባለ ፎቅ ሆቴል አልተኛሁም። አጎበሩን ግን አደራ፤ ነፋስ አለ ብላችሁ አትተዉት፣ ነፋሱ ሲቆም ወባ ትመጣለች።

አሁን አሁን በየከተማው ባለ ፎቅ ፔንሲዮን እየተሠራ ነው። መስታወቱ ያምራል፣ ክፍሉም ንጹሕ ነው። ግቢ ግን የለውም። የቤት መኪና አራት ያህል ታቆማለህ፤ ከባዱ መኪና አስፋልት ዳር፣ በጨለማ፣ ያለ ጠባቂ ያድራል። የቆመ ተሳቢ ላይ በሌሊት የሚጋጭ ሰው ዜና ስሰማ የማስበው የጠበቡትን ግቢዎች ነው። ፔንሲዮን ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ካነበበ፣ አንድ ፎቅ ይቀንስና መሬቱን ለመኪና ይተወው እላለሁ።

ያን ሌሊት አዋሽ ላይ ልክ 10 ሰዓት ሲሆን የክፍሌ በር በዱላ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመታ። «ተነሥቻለሁ» አልኩ። አልሄዱም። መብራት ሳበራ ብቻ እርምጃቸው ራቀ። ወጥቼ ሳይ ከመኪናዬ ፊት እስከ በሩ ድረስ ያለው መስመር ንጹሕ ነበር፤ ድንጋዩንም አንሥተውታል። በሩን ከፈቱልኝ፣ በባትሪያቸው የኋላ ጎማዬን አዩልኝ፣ «በሰላም ግባ» አሉኝ። አስፋልቱ ላይ ሳልወጣ የቆርቆሮው በር ተዘጋ፤ ወዲያው ከውስጥ በሌላ በር ላይ ዱላቸው ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ሰማሁ።