አሞራውን በጅራቱ ማወቅ



በገጠራችን ሰማይ ሲያንዣብብ የሚታየውን ትልቅ ወፍ ሁሉ «አሞራ» ብሎ መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ጫጩት የሚነጥቀው «ጭልፊት» ወይም «ጭላት» ይባላል፤ ግርማ ያለው «ንስር» ይሆናል። ጓሮዋን ለምትጠብቅ እናት ይህ ስያሜ ይበቃታል። ብዛታቸው ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ለብዙ ዝርያ አንድ ስም መስጠት ጥያቄውን ከመነሻው ያበላሸዋል፤ አንዱ ሲመናመን ሌላው በስሙ ይቆጠርለታልና።

ጀማሪ ተመልካች በቅድሚያ የሚያየው ቀለምን ነው፤ የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። በደጋ እርሻ ዳር ምሰሶ ላይ ቆሞ አይጥ የሚጠባበቀውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቡቴዮ አውጉር የሚባለውን ወፍ እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ነው። ከዚያው ዝርያ ግን ሆዱም ጀርባውም የጠቆረ ይገኛል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሰፊ ክንፋቸውና አጭር ቀይ ዳማ ጅራታቸው ነው፤ እርሱም ቢሆን ለጎለመሱት እንጂ ለወጣቶቹ አይሠራም፤ የወጣቱ ጅራት ቡናማ ነውና።

ከቀለም ይልቅ ቅርፅ ይታመናል። ሥጋ ከሰው እጅ የሚነጥቀው ባለ ቢጫ መንቆር ጭላት ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ሲበርም እንደ መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። ጅራቱን ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋው ግን ጫፉ ቀጥ ያለ ስለሚመስል፣ መልሶ እስኪያጥፈው መታገሥ ያስፈልጋል። ትዕግሥት ከውድ ባይኖኩላር ይበልጣል ብዬ ተማሪዎቼን ስናገር ያኮርፋሉ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርሁም።

ዋጋ የሚያስከፍለው ስሕተት የሚፈጸመው በቄራዎችና በቆሻሻ መጣያዎች አካባቢ ነው። እዚያ የሚሰበሰቡ፣ መንቆራቸው ቀጭን የሆነ ሁለት ትንንሽ ጥንብ አንሳዎች አሉ፤ ቆብ ለባሹና የግብጹ። የጎለመሰው የግብጽ ጥንብ አንሳ ገላው ነጭ፣ የክንፉ ላባ ጥቁር፣ ፊቱ ቢጫ ስለሆነ አይምታታም። ወጣቱ ግን ጥቁር ቡናማ ነው፤ የጎልማሳ ላባውን እስኪለብስም አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ዕድሜው ከሩቅ ሲታይ ቆብ ለባሹን ይመስላል። እኔም በጀማሪነቴ ጥቁር ያየሁትን ሁሉ ቆብ ለባሽ ብዬ መዝግቤ፣ የአንድ ቀን ቆጠራዬን ለመጣል ተገድጃለሁ። መለያው ከበላያችን ሲያልፍ ይገኛል፦ የግብጹ ጅራት ወደ ጫፉ የሚሾል፣ ክንፉም ጠበብ ያለ ነው፤ የቆብ ለባሹ ጅራት አጭርና ጫፉ ያልሾለ፣ ክንፉም ሰፊ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቆብ ለባሹ፣ ነጭ ጀርባውና የሩፐል ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ተርታ ገብተዋል። የግብጹም ከ2007 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። ለአውሬ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ሁሉንም ይገድላል፤ ኑሯቸው ግን ይለያያል። ቆብ ለባሹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነዋሪ ነው። ከግብጹ ከፊሉ ግን ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ መጥቶ የእነርሱን ክረምት፣ ማለትም የእኛን በጋ፣ እዚህ ያሳልፋል፤ በአፋር በርካታው በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ያድራል፤ በኤሌክትሪክ የመያዝ አደጋም አለበት። ስለዚህ ወጣቶቹን ያልለየ ቆጣሪ በጥር «ቆብ ለባሹ በረከተ»፣ በሐምሌ ደግሞ «ተመናመነ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የመጣውና የሄደው ግን ሌላው ነው።

ሹል ጅራት ያየ ሁሉ የግብጹን አየሁ እንዳይል ደግሞ ጺማሙ አሞራ አለ። አጥንት ከከፍታ ዐለት ላይ ጥሎ የሚሰባብረው የደጋ ገደል ነዋሪ ይኸው ነው። የእርሱም ጅራት ሹል ነው፤ ነገር ግን ረጅም ነው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል፤ የግብጹ ከ1.8 ሜትር አይበልጥም። ባዶ ሰማይ ላይ ማነጻጸሪያ ስለሌለ ግን በግዝፈት መፍረድ አደገኛ ነው፤ የጅራትን ርዝመት ከክንፍ ስፋት ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ቅርፅም አልፎ አልፎ ያሳስታል። ባቴሌር የተባለው ንስር ሲጎለምስ ጅራቱ እጅግ ከማጠሩ የተነሣ እግሩ ከጅራቱ ያልፋል፤ ወጣቱ ግን ጅራቱ ረዘም ያለ ነው። በበጋ ከመካከለኛው እስያ የሚመጣው የስቴፕ ንስርና እዚሁ የሚኖረው ዘመዱ፣ ቡናማው ንስር፣ በቅርፅ ብዙም አይለያዩም። በቅርብ ከታዩ የአፍ ጥግ ይመረመራል፦ በስቴፕ ንስር ቢጫው መስመር እስከ ዓይን ጀርባ ይዘልቃል፤ በነዋሪው ከዓይኑ መካከል አያልፍም። ርቆ ለሚበር ወፍ ይህ መለያ አይጠቅምም፤ በዚያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ «ንስር፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰዓቱ፣ የጅራቱ ቅርፅና የክንፉ አያያዝም አብረው ይመዘገባሉ።