የዕጢ አድራሻ በ9 አሚኖ አሲድ

በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ዒላማው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ባዕድ ስለሆነ ሰውነት ለይቶ ለመምታት ብዙም አይቸገርም። ካንሰር ግን የገዛ ሴላችን ነው። በሽታው የያዘውን ሰው የሚያክም ክትባት መሥራት የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ዕጢው ላይ ኖሮ ጤናማው አካል ላይ የሌለ ነገር ማግኘት አለበት። እንዲህ ያሉ ምልክቶች የዕጢ አንቲጅን ይባላሉ፤ እስካሁን የተገኙትም በመረጃ ቋቶች ተመዝግበው ይገኛሉ።

ሴል በውስጡ የሠራውን ፕሮቲን ቆራርጦ፣ ቁራጩን ኤችኤልኤ በተባለ ሞለኪውል ላይ አስቀምጦ በገጹ ላይ ያሳያል። ቁራጩ አብዛኛውን ጊዜ 9 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ቲ ሴሎች እየዞሩ ይህን ይፈትሻሉ፤ ያልለመዱት ሲገጥማቸው ሴሉን ይገድላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ብራስልስ ውስጥ የእነ ቲየሪ ቡን ቡድን በሜላኖማ ዕጢ ላይ ቲ ሴሎች የሚያውቁትን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ጂን ለየ፤ ማጅ-1 አሉት። የማጅ ጂኖች በብዙ ዕጢዎች ይሠራሉ፤ በጤናማ አዋቂ አካል ግን ከወንድ ዘር ፍሬ በቀር ዝም ያሉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ቋቱ ውስጥ ስለ አንድ አንቲጅን የፕሮቲኑ ስም፣ የቁራጩ ቅደም ተከተል፣ የሚሸከመው የኤችኤልኤ ዓይነት፣ የሚገኝባቸው ዕጢዎች ይሰፍራሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ መረጃ ነው፦ ቁራጩ ወይም እሱን የሚመስለው በየትኛው ጤናማ ሕብረ ሕዋስ ይገኛል?

ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ከማጅ ቤተሰብ አንዱ የሆነው የማጅ-ኤ3 ታሪክ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከታማሚው ቲ ሴሎችን ወስደው፣ ማጅ-ኤ3ን አጥብቀው እንዲይዙ በቤተ ሙከራ አሻሽለው መለሱለት። ክትባት አልነበረም፤ ዒላማው ግን ያው የቋቱ አንቲጅን ነው። ሕክምናውን የወሰዱት የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዎች በቀናት ውስጥ በልብ ድካም ሞቱ። ማጅ-ኤ3 ደግሞ ልብ ውስጥ የለም! በኋላ እንደታወቀው፣ ቲቲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን አንዱ ቁራጭ ከማጅ-ኤ3 ቁራጭ ጋር ከ9ኙ አሚኖ አሲዶች 5ቱን በዚያው ቦታ ይጋራል። ሁለቱም በግሉታሚክ አሲድ ጀምረው በታይሮሲን ያበቃሉ። ቅድመ ሙከራው ይህን ያላጋለጠው ተራዎቹ የቤተ ሙከራ የልብ ሴሎች ቲቲን ስለማይሠሩ ነበር። ጉዳዩ የታወቀው ከግንድ ሴል ያደጉና የሚመቱ የልብ ሴሎች ሲፈተኑ ነው።

አሁን ብዙው ተስፋ የተጣለው በእያንዳንዱ ታማሚ ዕጢ ሚውቴሽን ላይ በተመሠረተ ክትባት ነው። ሞደርና የሠራው የኤምአርኤንኤ ክትባት እስከ 34 የሚደርሱ የታማሚውን የራሱን አንቲጅኖች ይይዛል። 157 የሜላኖማ ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ክትባቱን ፔምብሮሊዙማብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር የወሰዱት ፔምብሮሊዙማብ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በሽታው የመመለስ ወይም የመሞት ዕድላቸው በ44 በመቶ ቀንሷል።

አንቲጅኑ የግል ከሆነ ቋት ምን ያደርጋል? ከብዙ ሚውቴሽኖች መካከል የትኛው ቁራጭ ኤችኤልኤ ላይ እንደሚቀመጥ የሚተነብዩት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑት ቀደም ሲል በተከማቸ መረጃ ነው። በዚህ መረጃ በብዛት የተጠናው በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደው ኤችኤልኤ-ኤ2 ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች በኤችኤልኤ ዓይነት እጅግ የተለያዩ ሆነው ሳለ በቋቶቹ ውስጥ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ታማሚ የዕጢው ሚውቴሽን ቢነበብለት እንኳ፣ ኤችኤልኤው እምብዛም ካልተጠኑት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚመርጥለት ከሌሎች ዓይነቶች በተማረው እየገመተ ነው።