ስፒሩሊና፦ ትርፉ ያለው ተጣርቶ በሚቀረው ውሃ ላይ ነው

በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከውሃው ቀለም ነው። ቀለሙን የሰጠው ደግሞ ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ አልጌ ሲሆን፣ ሲደርቅ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ በውጭ አገር በዱቄትና በክኒን መልክ ይሸጣል። በቻድ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ የካነምቡ ሴቶች ግን ክኒኑ ሳይታሰብ ገና ድሮ ከውሃ እየቀዱ በአሸዋ ላይ ያደርቁትና «ዲሄ» ብለው ለወጥ ይጠቀሙበት ነበር።

ለነጋዴው ዋናው ጥያቄ ዱቄቱ አይደለም፤ አዝመራው ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ውሃ ነው። ስፒሩሊና የሚወደው ሶዳ የበዛበትና ፒኤቹ ከ9 እስከ 11 የሆነ ሙቅ ውሃ ነው። ዛሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የታወቀ ቀመር ለ1 ሊትር ውሃ 16.8 ግራም ሶዲየም ቢካርቦኔት ይጠይቃል። በ1 ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ደረቅ ምርት አለ ብንል፣ 1 ኪሎ ዱቄት ለማግኘት 2,000 ሊትር ማጣራት ግድ ነው። ያ ውሃ ቢደፋ 33 ኪሎ ከግማሽ በላይ ቢካርቦኔት አብሮ ሄደ ማለት ነው። ይህን ወጪ የሚችል ነጋዴ ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ በጥቅጥቅ ጨርቅ ተጣርቶ የወረደው ውሃ ወደ ኩሬው ይመለሳል፤ የሚተካው የተበላው ብቻ ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ ምርት 100 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይሄዳል፤ በዩሪያ ሲሰላ ከ200 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዩሪያው ግን በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ በሶዳ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ተለውጦ አዝመራውን ይገድላል። ውሃው ሲመላለስ ደግሞ ዝልግልግ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ አረፋ ይበዛል፣ ጨርቁም ይደፈናል። ያኔ ከፊሉን ማውጣት የማይቀር ነው።

ሶዳው ሲሳሳ የሚሆነውን በሆራ ቂሎሌ ማየት ይቻላል። ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ቂሎሌና አረንጓዴ ሐይቅ በአልጌ ምርት ከፍተኛ ከሚባሉት ውሃዎች መካከል ነበሩ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የሞጆ ወንዝ ወደ ቂሎሌ ተጠለፈና ሶዳው ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ቦታውን ለቀቀ።

በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ለሚያስብ ባለሀብት ነገሩ ይለያል። የሐይቅ ውሃ እንደ አረንጓዴ ሐይቅ የሶዳ ውሃ ስላልሆነ፣ ሶዳው ሁሉ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ስፒሩሊና እድገቱ ስለሚገታ ኩሬው የላስቲክ ቤት ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የቆሻሻው መድረሻ ነው። ሐይቁ የአንከርቻን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የገባው ጨው እዚያው ይቀራል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲጨመርበት ሌላ አልጌ ይፈላል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ቆሮሶ የሚያጠምደው ሰው እንጀራ እዚህ ላይ ነው። ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ከሐይቁ ርቆ፣ ወለሉ በፕላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ በፀሐይ እንዲተን ይደረጋል።

አዝመራው የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃስ? እሱ እንኳ አይደፋም። ከኩሬው የሚተነው ጨው የሌለው ውሃ ነውና፣ እጣቢው የጎደለውን ለመሙላት ይመለሳል።