የሐምሌ 19 ተጓዥ በስልኩ ምን ያገኛል? የአብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድረ ገጽ በሐዋሳ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ለማክበር ከአዲስ አበባ፣ ከየክልሉና ከባሕር ማዶ ወደ ሐዋሳ የሚጎርፈው ምእመን፣ ጉዞውን ከመጀመሩ አስቀድሞ መልስ የሚፈልግላቸው ጥያቄዎች አሉት፤ ዋዜማው በስንት ሰዓት ይጀምራል፣ ታቦቱ መቼ ይወጣል፣ መኪና የት ይቆማል፣ መምጣት ያልቻለስ ስለቱን በየትኛው የባንክ ሒሳብ ይልካል? በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ወደ ከተማዋ የመጣች ወጣት ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ የሚካሄደው የእሑድ አምልኮ የት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሕፃናት መርጃን ለማገዝ ያሰበ ለጋሽም የሚሰጠው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ይፈልጋል። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ ውጤታማነት የሚለካው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ፍጥነትና ታማኝነት ነው።

ብዙ አጥቢያዎችና ማኅበራት ይህን ሥራ ለፌስቡክ ገጽና ለቴሌግራም ቻናል ትተውታል። እነዚህ መድረኮች ትኩስ ዜናን ለማድረስ ተወዳዳሪ ባይኖራቸውም፣ አዲሱ መልእክት የቀደመውን እየሸፈነው ስለሚሄድ ከወር በፊት የተለጠፈ የሒሳብ ቁጥር ወይም የአገልግሎት መርሐ ግብር ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ከዚህም በላይ መድረኩ የሌላ በመሆኑ፣ በሩ ሲዘጋ የተቋሙ ድምፅ አብሮ ይዘጋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሲኖዶሳዊ አንድነቷ ጋር የተያያዘ ከባድ ፈተና በገጠማት ወቅት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል መቆየታቸው የዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲቋረጥ ድረ ገጽም መጥፋቱ የማይቀር ቢሆንም፣ የራሱ አድራሻ ያለው ተቋም ቢያንስ መረጃውን በአንድ ቋሚ ቦታ ያኖራል፣ የሚቀመጥበትንም ቅደም ተከተል ራሱ ይወስናል።

ድረ ገጽ በሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡ የጽሑፍ፣ የምስልና የትእዛዝ ፋይሎች ስብስብ ሲሆን፣ አንባቢው አድራሻውን ሲከፍት ስልኩ ፋይሎቹን እየጠየቀ ያወርድና በማያው ላይ ያቀናጃቸዋል። የፋይሎቹ መጠን የሚለካው በባይት ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት መወከያ ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል፤ እንዲህም ሆኖ 500 ያህል ቃላት ያሉት የአማርኛ ጽሑፍ ከ8 ኪሎ ባይት ብዙም አይዘልም። በአንጻሩ በዘመናዊ ስልክ ተነሥቶ ሳይቀነስ የተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ በቀላሉ 4 ሜጋ ባይት ስለሚደርስ፣ የ500 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ቦታ ብቻውን ይወስዳል። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ይህን አንድ ምስል ለማውረድ 32 ሴኮንድ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሞባይል አንቴና አቅም በዙሪያው ላሉት ስልኮች ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑም፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ግቢ በሚሰበሰብበት የበዓል ዕለት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። የምስሉን ስፋት ወደ 1,200 ፒክሰል ገደማ ዝቅ አድርጎ ማመቅ መጠኑን ወደ 200 ኪሎ ባይት ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ሲችል፣ በስልክ ማያ ላይ የሚታየው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ተመልካቹ ለዳታ የሚከፍለውን ገንዘብ ያድንለታል።

ከክብደቱም የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው በመሥሪያ ቤቶቻችን ሥር የሰደደው ልማድ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። ማኅተሙና ፊርማው ለአንባቢ እምነት እንደሚጨምር አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የደብዳቤው ፊደላት ለኮምፒውተር የጨለማና የብርሃን ነጥቦች ብቻ ስለሚሆኑ፣ እንደ ጉግል ያሉ መፈለጊያዎች ይዘቱን በአስተማማኝ ሁኔታ አያነቡትም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ፕሮግራምም ያልፈዋል፣ የሒሳብ ቁጥሩንም ገልብጦ ወደ ባንክ መተግበሪያ መውሰድ ስለማይቻል ላኪው አሃዝ በአሃዝ ሲጽፍ ሊሳሳት ይችላል። ተገቢው መንገድ የደብዳቤውን ቃል በጽሑፍ ማስፈርና ምስሉን ማየት ለፈለገ ብቻ ከሥር ማያያዝ ነው። ይህ ልማድ በከፊል የቀድሞ ችግር ቅሪት ነው ማለት ይቻላል፤ የግእዝ ፊደል የዓለም ፊደላትን ሁሉ ለኮምፒውተር የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የማይግባቡ ስለነበሩ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ያ ችግር ከተፈታ ግን ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የሚቀረው ችግር የሆሄያት ነው። ሰው የከተማዋን ስም ሲጽፍ አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው ሀዋሳ፣ ሦስተኛው አዋሳ ይላል፤ በሰው ዓይን እነዚህ አንድ ሲሆኑ፣ በዩኒኮድ ግን «ሐ»፣ «ሀ» እና «አ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደላት በመሆናቸው፣ መፈለጊያው አንድነታቸውን ካልተማረ በስተቀር በአንዱ የተጻፈው ገጽ በሌላው ለሚፈልገው ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ተቋሙ በይፋዊ ስሙ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን በአድራሻ መግለጫው ውስጥ ቢያካትታቸው የሚፈልገው ሰው የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሲዳምኛም በላቲን ፊደል የሚጻፍ የክልሉ የሥራ ቋንቋ እንደመሆኑ፣ ሐዋሳን አገለግላለሁ የሚል ተቋም ቢያንስ አድራሻውን፣ የአገልግሎት ሰዓቱንና የእርዳታ መጠየቂያ መንገዱን በሁለቱም ቋንቋዎች ማቅረብ ይገባዋል።

ቀንና ሰዓትም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሐምሌ 19 ምንጊዜም ጁላይ 26 ላይ ሲውል፣ ታኅሣሥ 19 ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28፣ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈችበት ዓመት ደግሞ ዲሴምበር 29 ላይ ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ለባሕር ማዶ ተጓዥ የአንድ ቀን ስሕተት በዓሉን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ድረ ገጹ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር፣ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» የሚለውም በውጭው አቆጣጠር ከንጋቱ 7 ሰዓት መሆኑን መግለጽ ይኖርበታል።

ገንዘብን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ መታመን ነው። በታወቀ ደብር ወይም በታማሚ ሕፃን ስም የሐሰት ገጽ ከፍቶ ስለትና እርዳታ መሰብሰብ ቀላል በሆነበት ዘመን፣ የተቋሙ ሕጋዊ የባንክ ሒሳብና የቴሌብር ቁጥር በራሱ አድራሻ ላይ በቋሚነት መገኘቱ ለጋሹ ሌላ ቦታ ያየውን ቁጥር የሚያመሳክርበት መሠረት ይሆናል። ገጹ በብራውዘሩ አድራሻ ላይ «ኤችቲቲፒኤስ» በሚል የሚታወቀው የምሥጠራ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ሥርዓት በስልኩና በሰርቨሩ መካከል የሚያልፈውን መረጃ ሌላው እንዳያነበውና እንዳይለውጠው የሚከላከል ሲሆን፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው፣ ራሱም ለትርፍ ያልተቋቋመ አገልግሎት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ የሚያስፈልገውን የዲጂታል ምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል። ምሥጠራው ግን የገጹን ባለቤት ሐቀኝነት አያረጋግጥም፤ ያን የሚያረጋግጠው የሒሳብ መግለጫ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚተዳደሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገደዳሉ፤ ይህን ምጣኔ በየዓመቱ በአንድ ግልጽ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ድርጅት ከብዙ አሳዛኝ ፎቶግራፎች የበለጠ ለጋሽን ያሳምናል። የተረጂ ሕፃናትን ፊትና ስም መለጠፍ ክብራቸውን የሚነካ ከመሆኑም በላይ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ በሕግ ፊትም ጥያቄ ሊያስነሣ የሚችል ተግባር ነው።

ብዙ ድረ ገጾች የሚሞቱት በቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን ባለቤት በማጣት ነው። አድራሻው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት የግል ኢሜይል ተመዝግቦ፣ ያ ወጣት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል፤ ዓመታዊ ክፍያው ካልታደሰም አድራሻው ለማንም ክፍት ሆኖ፣ ምእመኑ የሚያውቀው ስም በባዕድ እጅ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም የሐዋሳ ሰበካ ጉባኤያት፣ የአጥቢያ ሽማግሌዎችና የድርጅት ቦርዶች የሚቀጥለውን የድረ ገጽ ውል ከመፈራረማቸው በፊት አድራሻውን በተቋሙ ስም ያስመዝግቡ፣ የይለፍ ቃሉን በጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ያስቀምጡ፣ መርሐ ግብሩን ከበዓሉ አንድ ወር አስቀድሞ የሚያድስ አንድ ሠራተኛም በደብዳቤ ይመድቡ።