ስኳሩ ከሲኒው ይውጣ

ባሕራ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚህ ሳዑዲዎቹ ቡናቸውን በሄል አፍልተው ያለ ስኳር ይጠጡታል፤ ጣፋጩ ተምር ነው፣ በጎን ይቀመጣል። እኛ የወሎ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ስንሰበሰብ ግን በዚያች ትንሽ ሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር እናማስልባታለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ የተነሳች ሴት እንግዲህ ብስኩት ሳትነካ 36 ግራም ጠጥታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ይሻላል ያለው በቀን ወደ 25 ግራም ነው።

ጣፋጭ ተዉ ብል የሚሰማኝ የለም፤ እኔም አልተውም። ስኳሩን ከቡናው አውጥተን አጠገቡ እናስቀምጠው ነው የምለው።

ብስኩት መጋገር የለመድኩት በማዳሜ ማድ ቤት ነው። ዒድ ሲቃረብ የማዕሙሉ ሊጥ በቅቤ ይታሻል፣ በተምር ይሞላል፣ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ እየተመታ ይወጣል፤ ከተጋገረ በኋላ የዱቄት ስኳር ይነሰነስበታል። ያ ነጭ ስኳር ለዓይን ነው እንጂ ተምሩ ብቻውን ይበቃው ነበር። እኔ ይበልጥ የወደድኩት የቃሲም ክልል ሰዎች ክለጃ የሚሉትን ብስኩት ነው፤ ካልተነፋ ስንዴ፣ በሄልና በቀረፋ ይሠራል፣ ሽታው ቤት ይሞላል።

የኔው ከሁለቱም ተበድሯል። ሩብ ኪሎ ፍሬው የወጣለት ለስላሳ ተምር እፈጫለሁ፤ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አርሰዋለሁ። አንድ እንቁላልና ሢሶ ብርጭቆ ዘይት እመታበታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቁንጥር ጨው ይጨመራል። ሃያ አራት ቦታ አድቦልቡዬ፣ ሰሊጥ ላይ አንከባልዬ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ በ170 ዲግሪ ሩብ ሰዓት አካባቢ እጋግረዋለሁ። ምድጃው እንዳይግል ተጠንቀቁ፤ የተምር ስኳር ከተራው ስኳር ቀድሞ ይጠቁራል። ተምር እርጥበት ስለሚይዝ ብስኩቱ ለስላሳ ነው፣ እንደ ዳቦ ቆሎ ቀርጨም አይልም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ከፍሪጅ ውጪ ካደረ ቶሎ ይሻግታል።

ብዙዎች «ተምር ስለሆነ አይጎዳም» ሲሉ እሰማለሁ። ይጎዳል፣ ከበዛ። ከተምር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው። የሚሻልበት ነገር ቃጫው አብሮት መኖሩ ነው፤ ቃጫ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፣ ሆድም ቶሎ ይጠግባል። ድብስ የሚሉት የተምር ሽሮፕ ግን ቃጫው ቀርቶ የተጨመቀ ነው፤ በእሱ ቢቦካ ትርፉ ያው ነው። ማራችንም እንዲሁ፤ ያን የጤና ድርጅቱ ከሚገድባቸው ስኳሮች ጋር ነው የሚቆጥረው። ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ ይቆጡኛል፤ ማር መድኃኒት ነው ብለን ነዋ ያደግነው።

ከእነዚህ ብስኩቶች በአንዱ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ 7 ግራም ይጠጋል። ሁለት ብሉ፣ ቡናውን ያለ ስኳር ጠጡ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን ተምሩንም እንደ ስኳር ቁጠሩት፣ ልኩንም ሐኪማችሁን ጠይቁ።