በግለሰብ ደረጃ የሚሠራ አውሮፕላን የገጽ ሙሌትና ማለስለስ፦ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አውሮፕላን መሥራት ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት በአዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን ተወስዳ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በራሳቸው ጥረት የሠሯትን «ኬ-570ኤ» ለማብረር ሞክረዋል፤ «ኬ» ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪሮስ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ 570 ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት ነው።

ሙሌት ከቀለም ቅብ በፊት በአውሮፕላኑ ገጽ ላይ ያሉ ጎድጓዳ ቦታዎችን ለማስተካከል የሚቀባ ውህድ ነው። በጋራዦች የተለመደው የመኪና ስቱኮ ለዚህ ተግባር አይመከርም፤ ክብደቱ ከፍተኛ ነው፣ ክንፉ ሲተጣጠፍም ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚመረጠው ውስጣቸው ባዶ ከሆነ ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ጋር የተቀላቀለ ኢፖክሲ ነው። ውህዱ በስፓቱላ ሲነሳ የማይንጠባጠብ ሊሆን ይገባል። በአካሉ ላይ ስንጥቅ ከተገኘ ግን መጠገን እንጂ በሙሌት መሸፈን የለበትም።

የአካባቢው የአየር ጠባይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ኢፖክሲ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በእጅጉ ይፈጥናል፤ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ሥራው በማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ በትንሽ በትንሹ እየተቀላቀለ ቢከናወን ይመረጣል። ብዙ ውህድ በአንድ ጣሳ ከተከማቸ በራሱ ሙቀት ይግላል፤ ሊያጨስም ይችላል። ማጠንከሪያውን ከአምራቹ መጠን መቀነስ ወይም መጨመር ጊዜውን አያስተካክልም፣ ውህዱን ያበላሻል እንጂ።

ማለስለሱ ከመቀባቱ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብርጭቆ ወረቀት በረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ተለጥፎ፣ በ80 ቁጥር ተጀምሮ ወደ ላቀ ቁጥር እየታለፈ፣ በሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈገፈጋል። በእጅ ብቻ የተፈገፈገ ገጽ ማዕበል ይሠራል። የጨርቁ ሽመና መታየት ሲጀምር ወዲያው ማቆም ግዴታ ነው፤ ጥንካሬውን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ብናኙ ለሳንባ፣ ኢፖክሲው ለቆዳ ጎጂ በመሆኑ የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ያስፈልጋል።

ትልቁ አደጋ ክብደት ነው። በ10 ካሬ ሜትር ገጽ ላይ የ1 ሚሊሜትር ትርፍ ሙሌት 10 ሊትር ውህድ ማለት ነው። ይልቁንም በክንፍና በጅራት ላይ የሚንቀሳቀሱት መቆጣጠሪያ ክፍሎች ከማጠፊያቸው በስተኋላ ሙሌት ሲጨመርባቸው ሚዛናቸው ይዛባል፤ በበረራ ላይ በኃይል ይርገበገባሉ፤ ክፍሉም በቅጽበት ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ክፍሎች ከሙሌትና ከቀለም በኋላ እንደገና ሚዛናቸው ይለካል። የአውሮፕላኑ አጠቃላይ ክብደትና የስበት ማዕከልም እንዲሁ። ለቆላ ፀሐይ ነጭ ቀለም ይመረጣል፤ ጥቁር ቀለም ሙቀት ስቦ ኢፖክሲውን ያለሰልሳል።

ማንኛውም አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥራው ሳይጀመር ባለሥልጣኑን ማማከር ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሙሌትና ቀለም ከተቀባ በኋላ የውስጡን ሥራ ማየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ገንቢው እያንዳንዱን ደረጃ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የተጠቀመበትን ውህድ ዓይነትና መጠን ከቀኑ ጋር በመዝገብ ቢይዝ ይመከራል።