ከሃይላንዱ ስር ያለችው ጠብታ

ክረምት ላይ ቆሼ፣ የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ሰፈር፣ ሞተር ይዞ ያደረ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። ሌሊቱን ሲዘንብ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ በደህና ይነሳል፤ ሰፈሩን ለቆ አስፋልት ሲይዝ ግን መንተባተብ ይጀምራል። ነዳጅ ሲሰጡት ይብስበታል፣ ሁለት ሦስቴ ያስነጥሰውና ይጠፋል።

የኔም ሐምሌ ላይ እንዲሁ ጠፋብኝ። ካንዴላ ላስቀይር ስዘጋጅ መንገድ ዳር የሚሠራ ወጣት መካኒክ ከለከለኝ። «ካንዴላው ይቆይ ጋሼ፤ መጀመሪያ የጠጣውን እንየው» አለኝና ደረቅ ባዶ ሃይላንድ አነሳ። ቆሼ ሃይላንድ አይታጣም፤ ከቆሻሻው ክምር ለቅመው፣ በማዳበሪያ ሞልተው ለሚሸጡት እንጀራቸው ነው። ከካርቦሬተሩ ሆድ በታች ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አደረገና የወረደውን ተቀበለበት። ሃይላንዱን ወደ ብርሃን ሲያነሳው ቤንዚኑ ከላይ ጠርቶ ቆሟል፤ ከስር ደግሞ ድብልብል ያለች፣ ሲያዘነብሏት የምትንከባለል ጠብታ አለች። ውኃ! የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ውኃ ሞተሩን አቁማው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ታንከር ውስጥም ካርቦሬተር ውስጥም ውኃ ከስር ይተኛል። ሞተሩ ነዳጅ የሚስብባት ቀዳዳም ያለችው እዚያው ከታች ነው፤ ስፋቷ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። ጠብታዋ ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ ቤንዚኑ መንገድ ያጣል።

ሪዘርቭ ሲከፈት የሚጠፋ ሞተርም ምስጢሩ ይኸው ነው። የነዳጁ ቧንቧ መደበኛው ቦታ ላይ ሳለ ቤንዚኑን የሚስበው ከታንከሩ ወለል ከፍ ካለ ቱቦ ነው። ሪዘርቭ ሲዞር ከወለሉ ይስባል፤ ለሳምንታት የተጠራቀመው ውኃና ዝገት ቀድሞ ይወርዳል። ባለሞተሩ ግን «ነዳጅ አልቆብኝ ነው» ብሎ ወደ ማደያ ይገፋል።

ውኃው ከየት መጣ? ብዙ ሰው ማደያውን ይጠረጥራል፤ አልፎ አልፎም እውነት ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ዙሪያ እዩ እላለሁ። ብዙ ሞተሮች ላይ ክዳኑ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ የሚያቁረው ዝናብ በጠባብ ቀዳዳና በቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። የቆሼ መንገድ አቧራው ብዙ ነው። አቧራው ከዝናብ ጋር ተቦክቶ ያቺን ቀዳዳ ሲደፍናት ውኃው ያቁርና፣ የክዳኑ ጎማ ያረጀ ከሆነ ወደ ታንከሩ ይሰርጋል። በላቫጆ ክዳኑ ላይ በኃይል የሚለቀቅ ውኃም ያው ነው። ወረፋ ሲበዛ ከሰው እጅ በጄሪካን የሚገዛ ቤንዚን ደግሞ ጄሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ አይታወቅም። ግማሽ ባዶ ሆኖ ውጭ የሚያድር ታንከርም ውስጡ ያለው አየር በሌሊቱ ብርድ ያልበዋል፤ ለዚህ ነው በክረምት ሞልቶ ማሳደር የሚሻለው።

አልኮል ጨምሩበት የሚሉ አሉ። ንጹሕ አልኮል ጥቂት ውኃ ከቤንዚን ጋር አዋህዶ እንደሚያሳልፍ እውነት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ግን ቀሪው 30 በመቶ ውኃ ስለሆነ በሽታውን መጨመር ነው። እኛ ዘንድ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው 10 ሊትር ቤንዚን ግማሽ የቡና ሲኒ የሚያህል ውኃ ተሸክሞ ይሄዳል። ከዚያ ሲያልፍ ግን ኤታኖሉ ውኃውን ይዞ ወደ ታች ይለያል፤ ከላይ የቀረው ቤንዚንም አቅሙ የደከመ ነው። ያን ጊዜ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ በአዲስ ቤንዚን ከመተካት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ለተራው ውኃ የምመክረው ቀላል ነው። ሞተሩን ሌሊቱን ሳትነቀንቁ አቁሙት። ጠዋት ሳታስነሱ፣ የጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ ሳለ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ከካርቦሬተሩም ከታንከሩም ስር አፍስሱ። ከተጠራጠራችሁ ከስር የወረደውን ጠብ አድርጋችሁ መዳፍ ላይ እዩት፤ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፣ ውኃ ይቀራል። ጠብታዋ ደጋግማ የምትመጣ ከሆነ ክዳኑና ቀዳዳው ሳይጠገን ማፍሰሱ ብቻውን አያድንም። ችላ ሲባል ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል፣ የካርቦሬተሩም ሆድ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ከሆነማ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ይዞ ይሄዳል፤ ወጪው ከባድ ነው።

ያ ወጣት ጥሩውን ቤንዚን ከላይ በቀስታ ቀድቶ ወደ ታንከሩ መለሰልኝ። የቀረችውን ዝቃጭ ቱቦ ውስጥ አልደፋትም፤ የተቃጠለ ዘይት በሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ጨመራት። ከዚያ ሃይላንዱን በካቻቢቴው ሁለት ቦታ በሳው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ወደ ክምሩ በአገጩ አመለከተኝ። «እዚያ ልጆች ይለቅማሉ፤ የውኃ መስሏቸው እንዳይቀዱበት» አለኝ።